የሠላሳ ሌሊት ማደሪያ

ቨርሊን ሌድቤተር እስክሪብቶውን በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ መልሳ ገፋችው። ሬጅስትራር የሆነችው ልጅ ቀለም ያለቀበት መስሏት ሌላ አቀበለቻት። ቨርሊን እሱንም መለሰችው።

“እስክሪብቶው ደህና ነው” አለች። “የማልፈርመው እኔ ነኝ።”

ልጅቷ ከቨርሊን ትከሻ በላይ ሰልፉን አየች። የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ የክፍያ ችሎት ቀን ነው። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር እስከ በሩ ድረስ ሞልቷል። የሥራ ጫማቸውን እንኳ ያላወለቁ የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኞች አሉ፤ ልጅ የታቀፉ ሴቶች አሉ፤ ለመተንፈሻ የሚረዳውን የኦክስጅን ጠርሙስ በጋሪ የሚጎትት ሽማግሌም አለ። ሁሉም በፔልሃም ወረዳ እስር ቤት ያደሩ ሰዎች ናቸው። የታሰረ ሰው ሲወጣ፣ ላደረበት አልጋና ለበላው ምግብ በቀን አርባ አምስት ዶላር ይጠየቃል። በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ በየወሩ እየመጣ ይከፍላል፤ ከፍሎም ቀሪውን ዕዳ አምኖ ይፈርማል።

“ያልፈረመ ሰው ዳኛው ፊት መቅረብ አለበት” አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ዛሬ ደግሞ ዳኛው ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ደስ አላላቸውም። ፈርመው ቢሄዱ ይሻልዎታል።”

ቨርሊን ለምክሩ አመስግና ከመስኮቱ ዞር አለች።

ያን ወረቀት ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ ፈርማበታለች፤ አምስቱንም ጊዜ ሳታነበው። ያነበበችው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ቤቷ ኩሽና ውስጥ፣ መነጽሯን አድርጋ። “ይህን ዕዳ በራሴ ፈቃድ አምኜ ተቀብያለሁ” የሚለው ቦታ ስትደርስ ቆመች። ደግማ አነበበችው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ባል ቀብራለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በራሷ ፈቃድ ያደረገችውን ነገር አንድ በአንድ ብትጠየቅ መቁጠር ትችላለች። እስር ቤት ማደር ከነሱ ውስጥ የለም።

ነገሩ የጀመረው በትንሽ ነገር ነበር። ባሏ በሞተ በዓመቱ የመኪናዋ መድን ጊዜው አለፈ። ሁለት ጊዜ ያለ መድን ስትነዳ ተያዘች፤ በሁለተኛው አሥር ቀን ተፈረደባት። አሥሩን ቀን ጨርሳ ስትወጣ ልብሷን በፕላስቲክ ከረጢት፣ አራት መቶ ሃምሳ ዶላር ዕዳዋን ደግሞ በወረቀት ሰጧት። የታሰረ ሰው ልጆች አያመላልስም ተብላ ከአውቶቡሱ ሥራ ተባረረች። አውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሞቴል አልጋ አንጣፊ ሆና ገባች። ከደመወዟ በወር ሃምሳ ሃምሳ እያመጣች አምስት ወር ከፈለች።

በስድስተኛው ወር፣ ልክ በችሎቱ ቀን፣ ልጇ ታንዚ ምጥ ያዛት። ቨርሊን ለፍርድ ቤቱ ስልክ ደወለች፤ ስልኩ መልእክት ተዉ አላት፣ ተወች። ከአራት ቀን በኋላ ፖሊሶች የመያዣ ትእዛዝ ይዘው ሞቴሉ ድረስ መጡ፤ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ወሰዷት። የዋስትናው ገንዘብ አንድ ሺህ ዶላር ነበር፤ አንድ ሺህ ዶላር ቢኖራት መጀመሪያም ዕዳ አይኖርባትም። ሃያ ቀን ተቀመጠች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ያየችው ሕፃኑ ሦስት ሳምንት ከሞላው በኋላ ነው። ለሃያው ቀን ደግሞ ዘጠኝ መቶ ዶላር ተጨመረባት።

ዛሬ የቀረባት ዕዳ አንድ ሺህ አንድ መቶ ነው። ይህን ገንዘብ ታላቅ እህቷ ኦሊታ በፖስታ አድርጋ ይዛዋለች።

ኦሊታ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን በሁለት እጅ ደረቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከብት አርቢ ናት፤ ገንዘብ ባንክ ውስጥ እንኳ ሆኖ አታምነውም። ባለፈው ቅዳሜ፣ ቨርሊንን ሳታማክር፣ ሁለት ጊደሮች ጨረታ ወስዳ ሸጠች። ትናንት ማታ ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ነገ ከፍለን ከዚህ ጣጣ እንገላገላለን ስትል ቨርሊን አላለቀሰችም፣ አላመሰገነችም። የማልከፍል ይመስለኛል ነበር ያለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ሃያ ቃል እንኳ አልተነጋገሩም።

አሁን ግን ኦሊታ ዝምታው በቃት።

“ፈረምሽ?”

“አልፈረምኩም።”

“ቨርሊን፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እናታችን ስንት ጊዜ ነግራናለች?”

“ዳኛው ንጉሥ አይደለም። በየአራት ዓመቱ በሬን እያንኳኳ ድምፅሽን ስጪኝ የሚል ሰው ነው። ባለፈው ጊዜ ኬክሽን በልቶ ነው የሄደው።”

ኦሊታ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ፊቷን መልሳ አጨማደደች። ጊደሮቹን ያሳደገችው በጡጦ ነው፤ አንዷ እንደ ውሻ ትከተላት ነበር። ይህን ግን አልተናገረችም። ቨርሊን ያለ ንግግርም ታውቀዋለች፤ ከባድ ያደረገባትም እሱ ነው። ገንዘቡ የሌላ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር።

ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰቻት አንዲት ጠበቃ ናት። ግሪር ትባላለች፤ ከከተማ እየመጣች ድሆችን በነጻ ትከራከራለች። ከወር በፊት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት አሥር ለማይሞሉ ሰዎች አስረዳች። የክፍያ ችሎት ላይ የሚባለው ነገር ሁሉ በድምፅ አይቀዳም፣ መዝገብ የለውም፤ መዝገብ የሌለውን ነገር ደግሞ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት አይቻልም አለች። ካልፈረማችሁና ክርክር በመዝገብ ይሰማልኝ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ዳኛው ቀን ሊቆርጥላችሁ ይገባል። ሊያስሯችሁም ይሞክሩ ይሆናል፣ አልዋሻችሁም አለች። ከአሥሩ ውስጥ እሺ ያለችው ቨርሊን ብቻ ነበረች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የችሎቱ በር ተከፈተ። በሩን የከፈተው የችሎት ፖሊሱ ድዋይት ነው። ቨርሊን ድዋይትን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በአውቶቡስ አመላልሳዋለች፤ አንድ ክረምት ላይ አውቶቡሱ ውስጥ አስመልሶ፣ ልጆቹ እንዳይስቁበት ወተት ነው የደፋው ብላ የዋሸችለት እሷ ናት። እሱም አልረሳውም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

“ሚስ ቨርሊን፣ እኔን እንዳይቀየሙኝ። ውሰዳት ካሉኝ መውሰድ አለብኝ።”

“አውቃለሁ ልጄ። ካቴናውን ግን ላላ አድርገው፤ አንጓዬን ያመኛል።”

ድዋይት አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ሄደ።

ዳኛው መሀረብ በእጃቸው ይዘው ገቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰውን በስሙ ይጠራሉ፤ የታመመ ዘመድ ካለ ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ እያደረጉ ግን ሥራው እንደ ወፍጮ ይዞራል። ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሳል፣ ስንት አመጣህ ይባላል፣ በሚቀጥለው ወር ይባላል። ያላመጣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ድዋይት በጓሮ በር ያስወጣዋል። ሽማግሌው ባለ ጋሪ ሃያ ዶላር አምጥቶ ነበር። ዳኛው ጤናውን ጠይቀው ሃያውን ተቀበሉትና አሰናበቱት።

ሰባተኛዋ ሼልቢ ነበረች። ሼልቢ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቨርሊን ከሃያው ቀን አሥራ አራቱን ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አድራለች። እናቷ የምትልክላት ገንዘብ ግማሹ ለቀለብ እየተቆረጠባት፣ በቀረው ካልሲ ትግዛ ወይስ ለልጇ ትደውል ስታሰላ የምትውል ልጅ ነበረች። ዛሬ መቶ ሃምሳ ዶላር ማምጣት ነበረባት። አርባ ይዛለች። ሁለት ጊዜ ቀርታለች።

ዳኛው ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩ። ከዚያ መሀረባቸውን አጥፈው፣ ይቅርታ ልጄ፣ ሦስተኛ ጊዜ ማሳለፍ አልችልም አሉና በእጃቸው ወደ ጥጉ ወንበር አመለከቱ። ሼልቢ አልጮኸችም። ልጄን ከሕፃናት መዋያ የሚያወጣው የለም፣ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል ብቻ ነበር ያለችው፤ እሱንም ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ቨርሊን ከጎኗ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ዞር ስትል ኦሊታ ተነስታለች። ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከፖስታው ውስጥ አውራ ጣቷን እየላሰች ስድስት ባለ ሃያ ዶላር ኖቶች ቆጠረችና መቶ ሃያ አድርጋ ለድዋይት ዘረጋችለት።

“የልጅቷን ሙላበት” አለች። “አሥሩን መልስ ስጠኝ።”

ቨርሊን እጇን ያዘቻት። “ኦሊታ፣ ለማን እንደምትሰጪ ታውቂያለሽ? ይህንኑ ጉሮሮ ነው የምታጎርሺው።”

“አውቃለሁ። ጊደሮቹ ግን የእኔ ናቸው፣ ልጅቷም ዛሬ ቤቷ ታድራለች። አንቺ የራስሽን ሥሪ፣ እኔን ተይኝ።”

ቨርሊን እጇን ለቀቀችላት። ሼልቢ ከጥጉ ወንበር ተነስታ ወደ በሩ ስትሄድ ኦሊታን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ሰዓት እንዳይረፍድባት እንደ ፈራች ሰው ነው የወጣችው። ቨርሊን እህቷን ተመለከተቻት። ትክክል ናት አለች በልቧ። እኔም ትክክል ነኝ። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄዱ ግን አልገባትም፤ እያሰበችው ሳለ ስሟ ተጠራ።

“ወይዘሮ ሌድቤተር” አሉ ዳኛው። “አልፈርምም አሉ የሚል እዚህ ተጽፏል። ስህተት ነው?”

ቨርሊን ቆመች።

“ስህተት አይደለም ክቡር ዳኛ። ክርክሬ በመዝገብ እንዲሰማልኝ እጠይቃለሁ።”

ከኋላ ረድፍ ጠበቃ ግሪር ተነስታ፣ የወይዘሮዋ ጠበቃ መሆኗን ተናግራ ተቀመጠች። ዳኛው ጠበቃዋን አይተው፣ ከዚያ ቨርሊንን አይተው፣ ወደ ወንበራቸው ተደገፉ።

“ስለ ምን እንከራከራለን? ሠላሳ ቀን ታስረዋል። ሠላሳ ቀን በልተዋል። ይህን ይክዳሉ?”

“አልክድም።”

“ታዲያ ሸሪፉ እስር ቤቱን በምን ያስተዳድረው? ምንም ያላጠፋው ግብር ከፋይ ይክፈል?”

“እኔም ግብር ከፋይ ነኝ” አለች ቨርሊን። “ሃያ ሁለት ዓመት የእርስዎን ልጆች ጨምሮ ሳመላልስ ከደመወዜ ተቆርጧል። ያ ገንዘብ ለእስር ቤትም መስሎኝ ነበር።”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ድዋይት ሲያየው ዝም አለ። ቨርሊን ሳቁ ደስ አላላትም፤ ለማሳቅ አልተነሳችም።

“አሁን ሥራዬ አልጋ ማንጠፍ ነው፤ የአልጋን ዋጋ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እኔ በምሠራበት ሞቴል አንድ ሌሊት ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ነው። ትራስ አለው፣ ሁለት ፎጣ አለው፣ ጠዋት ቡና አለ፤ ቁልፉም እንግዳው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። እናንተ ጋ አርባ አምስት ዶላር ነው። ሁለት ቁራጭ ዳቦ መሀል ቀዝቃዛ ሞርታዴላ ሰጣችሁኝ፣ ለካልሲ አስከፈላችሁኝ፣ ስድስት ሆነን ለአራት በተሠራ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተኛሁ። ቅጣቴ አሥር ቀን ነበር፤ አሥሩን ቀን ጨርሻለሁ። ሃያውን የታሰርኩት ለአሥሩ ቀን አልጋ ሃምሳ ዶላር ይዤ ባለመምጣቴ ነው፤ ያልመጣሁትም ልጄ ስትወልድ እጇን ይዤ ስለነበር ነው። አሁን ደግሞ ለሃያው ቀን አልጋ ክፈይ ትሉኛላችሁ። ይህ ነገር ማብቂያው የት ነው ክቡር ዳኛ? እኔ አላየሁትም። ወረቀቱ በራሴ ፈቃድ ይላል። በፈቃዴ ያደርኩበት አንድም ሌሊት የለም። ስለዚህ አልፈርምም።”

ዳኛው አነጠሱ፣ መሀረባቸውን ፈለጉ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ ቨርሊን ከሁሉ የፈራችው ይህን ነበር።

“ስሙኝ ቨርሊን። እኔና እርስዎ እዚሁ ያደግን ሰዎች ነን። ዛሬ አምስት መቶ ሃምሳ፣ ግማሹን ማለት ነው፣ ይክፈሉ። ቀሪውን እሰርዘዋለሁ። ፋይሉ ይዘጋል። የመያዣ ትእዛዝ የለም፣ በየወሩ መምጣት የለም። የአውቶቡሱን ሥራም ቢሆን ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?”

የኦሊታ ቦርሳ ውስጥ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዶላር አለ። አምስት መቶ ሃምሳው ተከፍሎ አንዲቱን ጊደር መልሶ ለመግዛት ጥቂት ብቻ የሚጎድለው ገንዘብ ይተርፋል። አውቶቡሱ። ማለዳ ላይ የሚሞቀው የሞተሩ ድምፅ፣ በመስታወቱ የምታያቸው እንቅልፍ ያልለቀቃቸው ፊቶች። ቨርሊን ያን ሥራ እንደ ሰው ትናፍቀዋለች። ወደ እህቷ ዞረች። ኦሊታ ቦርሳውን ከፍታ እጇን ውስጡ አድርጋለች፤ ግን አላወጣችውም። ዐይኗ ቨርሊን ላይ ነው። እንደ ፈለግሽ የሚል ዐይን ነበር።

“ስለ ደብዳቤው አመሰግናለሁ” አለች ቨርሊን። “ሥራዬን በሚገባ እንደሠራሁ ካወቁ ደብዳቤውን ያለ አምስት መቶ ሃምሳም መጻፍ ይችላሉ። ክርክሬ በመዝገብ ይሰማልኝ።”

የዳኛው ፊት ጠቆረ። ድዋይት ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆመ፤ እጁ ወገቡ ላይ ወዳለው ካቴና ሄደ። ቨርሊን አንጓዎቿን አየች። እንግዳ ነገር ነው፣ ባለፉት ስምንት ወራት እንደ ዛሬ ቀጥ ብላ የቆመችበት ቀን አልነበረም። ጠበቃ ግሪር ተነሳች፤ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጋ፣ ደንበኛዋ ዛሬ የምትታሰር ከሆነ ማመልከቻው ከሰዓት በፊት በላይ ፍርድ ቤት እንደሚገባ ረጋ ብላ ተናገረች።

ዳኛው ወረቀቱን ከሩቅ አዩት። ከዚያ የቀን መቁጠሪያቸውን ገለጡ። ክርክሩ ለሚቀጥለው ወር አሥራ ዘጠኝ በመዝገብ ይሰማል አሉ። እስከዚያ ድረስ ወይዘሮ ሌድቤተር ከወረዳው እንዳይወጡ፣ በየሰኞው ጠዋትም እስር ቤቱ መስኮት ቀርበው እንዲመዘገቡ አዘዙ። ቀጣዩን ስም ሲጠሩ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ውጭ፣ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ጠበቃ ግሪር እጇን ጨብጣት፣ ገና ምንም አላሸነፍንም፣ ይህን እወቂ አለቻት። ቨርሊን እንደምታውቅ ነገረቻት። ኦሊታ ፖስታውን ለጠበቃዋ ዘረጋች፤ ጠበቃዋ ገንዘብ እንደማትቀበል ስትነግራት ኦሊታ በጥርጣሬ አየቻት፤ ነጻ የሆነ ነገር አይታ አታውቅም። የኦሊታ መኪና ውስጥ ገብተው ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ኦሊታ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች።

“‘ለእስር ቤትም መስሎኝ ነበር’ ስትዪው” አለች። “አፉን አይተሽዋል?”

“መሀረብ ይዞበት አላየሁትም።”

“እኔ አየሁት። አንዷ ጊደር ለዚያ ትሂድ፣ አልቆጭም።” ቦርሳዋን ዘጋችና፣ “ሁለተኛዋ ይቆጨኛል” አለች።

ቨርሊን እጇን ከመሪው አንስታ የእህቷን ጉልበት መታ መታ አደረገች።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ቨርሊን እስር ቤቱ መስኮት ቀረበች። ከወፍራሙ መስታወት ወዲያ የማታውቀው ወጣት ጠባቂ ተቀምጧል። ስሟን ነገረችው። ዝርዝሩ ላይ ፈልጎ አገኛት፤ መታወቂያዋን አየ፤ ከዚያ የብረቱን መሳቢያ ወደ እሷ ገፋው።

“አሥር ዶላር” አለ።

“የምን?”

“የመመዝገቢያ። በየሳምንቱ ነው። ሁሉም ይከፍላል።”

ኪሷ ውስጥ አሥራ ሁለት ዶላር ነበር። ገንዘቡን በጣቶቿ ነካችው። አሥር ዶላር ነው፤ ለአሥር ዶላር ማን ይጣላል? ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው ገንዘቡን አዘጋጅቶ በእጁ ይዟል። እጇን ባዶውን ከኪሷ አወጣችና መሳቢያውን መልሳ ወደ ወጣቱ ገፋችው።

“ዳኛው ቅረቢ ነው ያሉኝ፤ ክፈዪ አላሉኝም። ቀርቤያለሁ። ስሜን መዝግብ።”

ወጣቱ ግራ ገባው። አለቃውን ፍለጋ ዞር አለ፤ አለቃው አልነበረም።

“ከፈለች የሚለው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ ታዲያ?”

“ጠየቅኋት፣ እምቢ አለች ብለህ ጻፍ። ሰዓቱንም ጻፍ።”

ወጣቱ ትንሽ አመነታና እስክሪብቶውን አነሳ። ቨርሊን ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም።